ከጅዳና ከጅቡቲ ለሚመጣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የትኛው ብራንድ ይሻላል?

ወሎ የባሕር ዳርቻ የለውም። ከባሕር ግን ርቆ አያውቅም። ወጣትነታቸውን አሰብ ወደብ ላይ ያሳለፉ አባቶች ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ብዙ ናቸው። ዛሬ ደግሞ ከሐይቅ፣ ከባቲ፣ ከወረባቦና ከከሚሴ የወጡ ልጆች ጅቡቲ፣ ጅዳና ጂዛን ይሠራሉ። ጁምዓ ዕረፍታቸው ነው። ባሕር ዳር ዘንግ ይዞ መቆም ደግሞ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መዝናኛ ነው። አገር ሲገቡ ዘንጉንም ይዘው ይገባሉ። እዚህ ያለው ወንድም ይረከበዋል። በሳምንቱ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ዳር ይዞት ይታያል።

ጥያቄው የሚነሳው ዘንጉ ሳይገዛ ነው። «አያ፣ ሺማኖ ልላክልህ ወይስ ዳይዋ?» «ጠንካራው ፔን ነው ይላሉ፤ እውነት ነው እንዴ?» «እዚህ ሱቅ ውስጥ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ፣ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ አለ፤ ምን ላድርግ?»

እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው። ብራንዶች ይለያያሉ፤ ግን አንድ ብራንድ ራሱ ውስጡ ከሚለያየው በላይ አይለያዩም። ሺማኖ ለጀማሪ የሚሸጠው ዘንግና ለባለሙያ የሚሸጠው ዘንግ ስማቸው ብቻ ነው አንድ። ስለዚህ «ሺማኖ ላክልኝ» ማለት ገና ምንም አለማለት ነው። መጀመሪያ ዘንጉን ራሱን ማንበብ መቻል አለብን። ስሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጨው የሚበላው የትኛውን ክፍል ነው?

በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለ። ቀይ ባሕር ከዚህም ይበልጣል። ሙቀቱ ውኃውን ያተንነዋል፣ የሚገባበት ትልቅ ወንዝ የለም፣ ዝናቡም ትንሽ ነው። በሰሜኑ ጫፍ 40 ግራም ይደርሳል። የእኛ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ ባይኖረውም ውኃው እንዲህ ያለ ጨው የለውም። ሐይቅ ላይ ለዓመታት ያገለገለ ዘንግ ጅዳ ላይ በጥቂት ወር የሚበላሸው ለዚህ ነው።

ጨው የዘንጉን ረጅሙን አካል ብዙም አይጎዳውም። አካሉ ከፋይበርግላስ ወይም ከካርቦን ክር የተሠራ ነው። ክሩ በኤፖክሲ ሙጫ ተይዟል። ሙጫና ክር አይዝጉም። ጨው የሚያጠቃው ብረቱን ነው። ብረት ያለው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ የማጥመጃው ክር በሚያልፍባቸው ቀለበቶችና ሪሉ፣ ማለትም ክሩን የሚጠቀልለው መሣሪያ፣ በሚታሰርበት መቀመጫ።

ርካሽ ዘንግ ላይ የቀለበቱ እግር ተራ ብረት ሆኖ ላዩ ላይ ክሮም ተቀብቶ ይመጣል። ሱቅ ውስጥ ያብረቀርቃል። ክሮሙ አንድ ቦታ ከተጫረ ግን ጨው በዚያ ይገባል፤ ዝገቱም እግሩን ከዘንጉ ጋር ባሰረው ክር ሥር እየተስፋፋ ይሄዳል። ከላይ ቡናማ ነጠብጣብ ስታዩ ሥሩ ቀድሞ ተበልቷል። አንድ ቀን ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ቀለበቱ ይነቀላል።

ስቴንለስ ከሆነ ይሻላል፤ ስቴንለስም ግን ዓይነት አለው። 304 የሚባለው የወጥ ቤት ዕቃ የሚሠራበት ነው። 316 የሚባለው ሞሊብዲነም የሚባል ማዕድን ተጨምሮበት የባሕር ጨው የሚፈጥረውን መቦርቦር በደንብ ይቋቋማል። ከሁለቱም በላይ ቲታኒየም አለ። አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ ዋጋው ግን ውድ ነው።

የሪል መቀመጫ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ካርቦንና አሉሚኒየም ተነካክተው መሐላቸው ጨዋማ ውኃ ከገባ ልክ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣል። ከዚያ የመቀመጫው ማጥበቂያ ይነክስና አልፈታ ይላል፤ ሪሉም እዚያው ታስሮ ይቀራል። ጥሩ ፋብሪካ ሁለቱን በፕላስቲክ ወይም በሙጫ ይለያያቸዋል፤ አለዚያም መቀመጫውን ከጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራዋል። ፕላስቲክ መቀመጫ ሲያዩ «ርካሽ ነው» ብለው የሚያልፉ ሰዎች አሉ። መካከለኛ መጠን ላለው የባሕር ዘንግ እንዲያውም እሱ ይሻላል።

ቀለበቱን እዩት

ዘንግ ለመምረጥ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢኖረኝ ደቂቃውን በሙሉ ለቀለበቱ እሰጠው ነበር።

በቀለበቱ ውስጥ ሌላ ቀጭን ቀለበት አለ። ብዙ ጊዜ ጥቁር ወይም ግራጫ ሆኖ ሴራሚክ ነው። የማጥመጃው ክር የሚፋተገው ከእሱ ጋር ነው። ድሮ ክሩ በአብዛኛው ናይለን ስለነበር ብዙ ችግር አልነበረም። አሁን ባሕር ላይ ብዙው ሰው የሚጠቀመው የተጎነጎነውን ክር ነው። ውፍረቱ እኩል ከሚያነሳው ናይለን ግማሽ ገደማ ቢሆን ነው። ቀጭን ስለሆነ ሩቅ ይወረወራል። ነገር ግን ጨውና አሸዋ ይዞ በኃይል ሲሮጥ ለስላሳውን ብረት እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ቀለበት ደግሞ ተመልሶ ክሩን ይቆርጣል።

ቀለበት በመሥራት በዓለም የታወቀው የጃፓኑ ፉጂ ነው። ሺማኖም፣ ዳይዋም፣ ሴንት ክሮይም ለብዙ ዘንጎቻቸው ቀለበት የሚወስዱት ከእሱ ነው። ስለዚህ የሁለት ተፎካካሪ ብራንድ ዘንግ ይዛችሁ ስታወዳድሩ ክሩን የሚነካው ክፍል አንድ ፋብሪካ የሠራው ሊሆን ይችላል። የፉጂ ቀለበት ራሱ ደረጃ አለው። ከታች የአሉሚኒየም ኦክሳይድ አለ። ከዚያ አልኮናይት ይመጣል። ከዚያ ሲሊከን ካርባይድ፣ ሱቅ ውስጥ «ኤስ አይ ሲ» የሚሉት ነው። ከላይ ቶርዛይት አለ። ለጅዳ ዳርቻም ሆነ ለሐይቅ አልኮናይት በቂ ነው። ከዚያ በላይ ገንዘብ ማውጣት ትርጉም የሚኖረው ከጀልባ ላይ በጣም ትልቅ ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ነው።

ያገለገለ ዘንግ ከሆነ ትንሽ ጥጥ በየቀለበቱ ውስጥ አሽከርክሩ። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለ ጥጡን ይይዘዋል። በቪዲዮ ለምትገዙም ወንድማችሁ ይህችን እዚያው ሱቅ ውስጥ ያድርጋት። ባለሱቁ ቅር አይለውም፤ ቅር ካለው ሌላ ሱቅ አለ።

ፋይበርግላስ ወይስ ካርቦን?

ፋይበርግላስ ዘንግ በአሜሪካ የተስፋፋው በ1940ዎቹ ነው። ሼክስፒር የሚባለው ኩባንያ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። ካርቦን በ1970ዎቹ መጣ። ከዚያ በፊት የነበረው ቀርከሃ ነው።

ልዩነታቸው እንዲህ ነው። ካርቦን በግትርነቱ ከተራው ፋይበርግላስ ሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ ክብደቱ ደግሞ ያንሳል። ስለዚህ ዘንጉ ቀጭንና ቀላል ሆኖ ሩቅ ይወረውራል። ዓሣው መንጠቆውን ሲነካካ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። ፋይበርግላስ ይከብዳል፣ በጣም ይታጠፋል፣ ስሜቱ ደብዛዛ ነው። ግን ለመሰበር አስቸጋሪ ነው። ድንጋይ ላይ ቢወድቅ፣ ሚኒባስ ላይ ሻንጣ ቢጫነው፣ ልጅ ቢረግጠው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ካርቦን በጎኑ ከተመታ ያኔ ላይታወቅ ይችላል፤ ከወር በኋላ ዓሣ ሲጎትት በዚያችው በተመታች ቦታ ቀጭ ይላል። ባለቤቱም «ብራንዱ የማይረባ ነው» ይላል። ጥፋቱ ግን የሻንጣው ነበር።

ሻጮች «30 ቶን ካርቦን፣ 40 ቶን ካርቦን» እያሉ ያወራሉ። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ክሩ ግትርነት ነው። ዘንጉ ስለሚያነሳው ክብደት ምንም አይናገርም። ቁጥሩ ሲጨምር ዘንጉ ይቀላል፣ ፈጣን ይሆናል፣ ግን ለመሰበርም ይቀርባል። 24 ቶን የሚባለው የተለመደው ካርቦን ነው። ለባሕር ዳርቻ እሱ ወይም 30 ቶን ይበቃል። «አይ ኤም 8» የሚል ጽሑፍም ታያላችሁ። አጠራሩ የመጣው ካርቦን ክር ከሚያመርት ከአንድ ኩባንያ ነው። ዛሬ ግን ማንም እንደፈለገ ዘንጉ ላይ ስለሚጽፈው ሁለት ብራንድ ለማወዳደር አይጠቅምም።

አንድ ነገር በጣም አደራ እላለሁ። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ብያለሁ። በሐምሌና በነሐሴ ከሐይቅ በላይ ያሉት ተራሮች ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ዘንጉን ዝቅ አድርጋችሁ ከውኃው ዳር ራቁ። የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያልፍበት መንገድም ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ተሸክሞ መሄድ ሰው ይገድላል። ለልጆች ንገሯቸው።

ዘንጉ ላይ የተጻፈው ምን ማለት ነው?

ከእጀታው በላይ ትንሽ ጽሑፍ አለች። ብዙ ሰው አያነብባትም። እሷ ግን ከብራንዱ ስም የበለጠ ትናገራለች።

መጀመሪያ ርዝመት ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ በጫማ ነው። 7 ጫማ 2.13 ሜትር ነው። 9 ጫማ 2.74 ሜትር ነው። 10 ጫማ 3.05 ሜትር ነው። ጀልባ ላይ አጭሩ ይሻላል። ዳርቻ ላይ ቆሞ ሩቅ ለመወርወር 9 ወይም 10 ጫማ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የጉልበት ምልክት አለ። «ኤል» ቀላል፣ «ኤም» መካከለኛ፣ «ኤች» ከባድ ማለት ነው። «ኤም ኤች» በመካከለኛና በከባድ መሐል ነው። የአንዱ ፋብሪካ «ኤም» ከሌላው «ኤም» ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። የጋራ መለኪያ የላቸውም። ስለዚህ ፊደሉን ትታችሁ ቁጥሩን እዩ። «20–60 ግራም» የሚል ካለ ዘንጉ በደንብ የሚወረውረው በዚያ ክብደት መሐል ያለውን ነው። በአውንስ ከተጻፈ አንዱ አውንስ 28 ግራም ነው።

ከዚያ የክሩ ጥንካሬ ይመጣል። 30 ፓውንድ ከሆነ 13.6 ኪሎ ነው። ይህ ማለት ዘንጉ 13 ኪሎ ዓሣ አንጠልጥሎ ያነሳል ማለት አይደለም። ክሩ የሚበጠስበት ልክ ነው። የሪሉን ፍሬን፣ ማለትም ዓሣው ሲጎትት ክሩን በልክ የሚለቀውን፣ ከዚያ ሩብ እስከ ሲሶ ላይ ታስተካክላላችሁ፤ ለ30 ፓውንድ 4 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። ጃፓን ሠራሽ ዘንግ ላይ «ፒ ኢ 2–4» የሚል ካያችሁ እሱ የተጎነጎነው ክር ውፍረት ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ የዘንግ ስብራት ዋናውን ምክንያት ልናገር። ዓሣው እግራችሁ ሥር ሲደርስ ዘንጉን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም የተለመደ ነው። ያኔ ክብደቱ በሙሉ ቀጭኑ ጫፍ ላይ ይወድቃል። ወፍራሙ የታችኛው ክፍል ምንም አይሠራም። የብዙ ሺህ ብር ዘንግም በዚህ ይሰበራል። ዘንጉን ዝቅ አድርጉ፣ ዓሣውን በመረብ ወይም በእጅ አውጡ።

አሁን ወደ ስሞቹ

አግሊ ስቲክ። ስሙ ብዙ ሰው ጋ አይታወቅም፤ እኔ ግን ለእኛ ሁኔታ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው። ሼክስፒር በ1976 ያወጣው ዘንግ ነው። ፋይበርግላስና ካርቦን ይቀላቅላል። ጫፉ ውስጡ ያልተቦረቦረ ድፍን ፋይበርግላስ ነው። በብዙዎቹ ላይ ቀለበቱ ከአንድ ወጥ ስቴንለስ የተሠራ ስለሆነ ተነቅሎ የሚወድቅ የውስጥ ቀለበት የለውም። ለባሕር የሚሠሩት «ቢግ ዋተር» እና «ታይገር» ይባላሉ። ድክመቱ ክብደቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲወረውሩበት ክንድ ያደክማል፤ ቀስ ብሎ የሚነካካ ዓሣም ላይሰማ ይችላል። ግን ከጅቡቲ ተነስቶ በጋላፊ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ በጭነት መኪና ለሚመጣ ዘንግ እንደሱ የሚታመን የለም።

ፔን። በ1932 ፊላዴልፊያ ውስጥ ኦቶ ሄንዜ የሚባል ጀርመናዊ ስደተኛ ያቋቋመው ነው። ዝናው የሪል ነው። «ፔን ጠንካራ ነው» የሚለው ወሬ ትክክል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚወራው ስለ ሪሉ ነው። ዘንጎቹም ከመሠረቱ ለባሕር የታሰቡ ናቸው። «ባታሊየን» ለዳርቻና ለቀላል ጀልባ ጥሩ ነው። «ካርኔጅ» የሚባለው ከባድ ሥራ ይችላል። የመጨረሻ ርካሾቹን ዘንጎቹን ግን በስሙ ብቻ አልገዛቸውም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር እወቁ። ፔን፣ አግሊ ስቲክ፣ አቡ ጋርሲያ፣ ፌንዊክና በርክሌይ ዛሬ ሁሉም የአንድ ኩባንያ ንብረት ናቸው። ኩባንያው ፒዩር ፊሺንግ ይባላል። ሁለት ጓደኛሞች «ፔን ይሻላል፣ የለም አግሊ ስቲክ» እያሉ ሲከራከሩ ገንዘባቸው የሚገባው አንድ ካዝና ውስጥ ነው።

ሺማኖ። ኮምቦልቻ ላይ ብስክሌት የነዳ ሁሉ ስሙን ማርሹ ላይ አይቶታል። ያው ነው። በ1921 ኦሳካ አቅራቢያ ሳካይ ከተማ ውስጥ የብስክሌት ክፍል በመሥራት ጀመረ። ወደ ዓሣ ዕቃ የገባው በ1970 ነው። ላይኛው ደረጃ ላይ ያሉት ዘንጎቹ በእውነት ድንቅ ናቸው። ካርቦኑን ከውስጥም ከውጭም በተቃራኒ አቅጣጫ እየጠመጠመ የሚሠራበት ዘዴ አለው፤ ዘንጉ ሲጫነው እንዳይጠማዘዝና እንዳይጨፈለቅ ያደርገዋል። «ኦሺያ» እና «ግራፕለር» የሚባሉት ለባሕር ናቸው። ግራፕለር ዋጋው መካከለኛ ሆኖ ሥራው ከዋጋው በላይ ነው። ጂ ሉሚስ የሚባለው የአሜሪካ ዘንግም ከ1997 ጀምሮ የሺማኖ ነው።

ዳይዋ። በ1950ዎቹ የተነሳ ሌላው ጃፓናዊ ነው። የኩባንያው ስም ከ2009 ጀምሮ ግሎብራይድ ቢባልም ዕቃው ላይ የሚጻፈው ዳይዋ ነው። የካርቦን ጨርቁን በ45 ዲግሪ አዘንብሎ ይደርባል። ከሺማኖ ጋር የሚፈልጉት ውጤት አንድ ነው፤ መንገዱ ተለየ እንጂ። «ሳልቲጋ» የላይኛው ነው፤ «ሳልቲስት» መካከለኛው ነው። እኩል ዋጋ ያላቸውን ሺማኖና ዳይዋ ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ የሚለይ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በሁለቱ መሐል አትጨነቁ። ሱቁ ውስጥ የተሻለ ቀለበትና የሚስማማ የግራም ቁጥር ያለውን ውሰዱ። የሁለቱም የበላይ ደረጃ ዘንጎች ብዙዎቹ ጃፓን ይሠራሉ። ርካሾቹ በሌሎች የእስያ አገሮች ይመረታሉ። ይህ ራሱ ነውር አይደለም፤ ግን «የጃፓን ነው» ብሎ በጃፓን ዋጋ ለሚሸጥላችሁ ሰው መልስ ይሁናችሁ።

ኦኩማ። በ1986 ታይዋን ውስጥ የተመሠረተ ነው። ባጀት ለሌለው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። «ሴድሮስ» የሚባለው ለባሕር ነው። የትልልቆቹን የታችኛ ደረጃ ዘንግ ከመግዛት በዚያው ዋጋ የኦኩማን መካከለኛ መግዛት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ለስም የምትከፍሉት ያንሳል፤ የተረፈው ለቀለበቱ ይሆናል።

ሴንት ክሮይ። ከ1948 ጀምሮ ያለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ፋብሪካው ዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ ፓርክ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥም አለው። «ሞጆ ሰርፍ» የሚባለው ለባሕር ዳርቻ የተሠራ ግሩም ዘንግ ነው። ሰዎች ለሴንት ክሮይ ብዙ የሚከፍሉት ለዋስትናውም ጭምር ነው፤ ሲሰበር ፋብሪካው ይተካል። ደሴ ላይ ለተሰበረ ዘንግ ግን ይህ ዋስትና ምን ይጠቅማል? ሦስት ሜትር ዕቃ ወደ አሜሪካ ማን ይልካል? ለአሜሪካ ነዋሪ የሚያዋጣው ለእኛ ላያዋጣ ይችላል።

ስሙ ያልታወቀው በግማሽ ዋጋ የሚሸጠውስ? የቻይናዋ ዌይሃይ ከተማ በዘንግ ሥራ በዓለም የታወቀች ናት። ለትልልቅ ብራንዶች የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ያሉባት ናት። ስለዚህ ስሙን ስላላወቃችሁት ብቻ መጥፎ ነው አትበሉ። ቀለበቱን እዩ፣ በጥጥ ፈትኑ፣ መቀመጫውን አጥብቃችሁ ፍቱ። ዘንጉን ዓይናችሁ ላይ አድርጋችሁ ከእጀታው ወደ ጫፉ ተመልከቱ፤ ቀለበቶቹ በአንድ መስመር ካልተሰለፉ ተዉት። ይልቅ የምፈራው ስሙ ያልታወቀውን አይደለም፤ የታወቀ ስም የተለጠፈበትን ሐሰተኛ ነው። በጣም የረከሰ «ሳልቲጋ» ሐሰተኛ ነው። የፊደል ስህተት፣ የሚላጥ ተለጣፊ ጽሑፍ፣ ፉጂ ነው ተብሎ የፉጂ ምልክት የሌለበት የሪል መቀመጫ ካያችሁ ውጡ።

ለየትኛው ዓሣ?

ጅዳ ዳርቻ ላይ ለሐሙር፣ ለባራኩዳና ለመሳሰሉት ከ9 እስከ 10 ጫማ፣ ከ30 እስከ 80 ግራም የሚወረውር ዘንግ ይበቃል። ጅቡቲ ላይ ሰባቱ ወንድማማቾች ወደሚባሉት ደሴቶች በጀልባ የሚሄዱት ሌላ ነገር ናቸው። እዚያ ያለው ትሬቫሊ የሚባል ትልቅ ዓሣ ክንድ ይገነጥላል። ለእሱ የሚሠራው ዘንግ ከ100 ግራም በላይ የሚወረውር በጣም ከባድ ዘንግ ነው።

ይህን ከባድ ዘንግ ወደ ሐይቅ ማምጣት ግን ምንም ጥቅም የለውም። ሐይቅ ውስጥ ያለው በዋናነት ቆሮሶና አምባዛ ነው። ቆሮሶ ትንሽ አፍ አለው፤ በዱቄት ሊጥ ወይም በትል ቀስ ብሎ ነው የሚነካካው። የከባድ ዘንግ ጫፍ አይንቀሳቀስም፤ ሳታውቁ ምግቡ ያልቃል። ለእሱ ከ5 እስከ 20 ግራም የሚል ቀላል ዘንግ ነው የሚፈለገው። አምባዛ ከሆነ ያ የጅዳው የ30–80 ግራም ዘንግ ያገለግላል። አምባዛ ከአንድ ሜትር በላይ ሊያድግ የሚችል፣ ወደ ታች የሚጎትት ጉልበተኛ ነው።

ስለ ጉዞውና ስለ እንክብካቤው ባጭሩ። ባለ ሁለት ቁራጭ ዘንግ አስመጡ፤ አንድ ወጥ የሆነው በስሜት ትንሽ ቢሻልም ከጅዳ ሐይቅ ድረስ ሳይሰበር አይደርስም። ደሴ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ የፒቪሲ ቧንቧ አለ። ሁለት ጫፉን ዘግታችሁ ውስጡ ጨርቅ ካደረጋችሁበት ከየትኛውም ሻንጣ ይሻላል። ባሕር ላይ ከዋለ በኋላ በየጊዜው በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፣ ሪሉ ከመቀመጫው ይውጣ፣ ጥላ ላይ ይድረቅ። ቤንዚን አይነካው። ሐይቅ ላይ ብቻ ከሆነ ማጽዳቱ ይበቃል።

ለወንድማችሁ መልእክት ስትጽፉ ታዲያ እንዲህ በሉት። «ባለ ሁለት ቁራጭ፣ 9 ጫማ፣ ከ30 እስከ 80 ግራም፣ ቀለበቱ አልኮናይት ወይም ከዚያ በላይ፣ እግሩ ስቴንለስ። አግሊ ስቲክ ቢግ ዋተር፣ ፔን ባታሊየን ወይም ኦኩማ ሴድሮስ ውስጥ በዚህ ልክ ያገኘኸውን። አግሊ ስቲኩ ከሆነ ወጥ ስቴንለስ ቀለበቱም ይሆናል። ገንዘብ ከተረፈ ሺማኖ ግራፕለርን ጠይቅ። የጫፉ ቀለበት የተሰካበትን የዘንጉን ጫፍ ውፍረት በሚሊሜትር ለካና በዚያው ልክ ሁለት መለዋወጫ ቀለበት ጨምር።» የመጨረሻዋን እንዳትረሱ። ከዘንግ ቶሎ የሚሰበረው የጫፉ ቀለበት ነው፤ ደሴ ላይ ደግሞ በልኩ ማግኘት ከባድ ነው። መለዋወጫው ካለ በሚቀልጥ ሙጫ አሙቆ መተካት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።